ኀምሳ አምስት ቀን የከረመው ስብ

ሚያዝያ ፳፯ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.፣ የፋሲካ እሑድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ደቂቃዋን በእርግጠኝነት የምጽፈው በዚያች ቅጽበት የእጅ ሰዓቴን እየተመለከትሁ ስለ ነበር ነው፤ የምመለከተውም «በስምንት ደቂቃ ይደርሳል» የተባለው የበግ ጎድን ሃያ ሁለተኛ ደቂቃውን በመያዙ ነበር። ያን ጊዜ፣ ሮም ውስጥ፣ ፒኜቶ በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ የጋዝ ግሪላችን ከታች ወደ ላይ በእሳት ተያያዘ። ጎድኑ በመጨረሻ ደረሰ ማለት ነው።

ቤቱ የእኔ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ የተከራየችው ነው። እሷ ቀን ቀን አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ትጦራለች፤ ሲመሻሽ ተመልሳ እኔን ትጦራለች። የሁለታችን ልዩነት፣ ጣሊያናዊቷ አልፎ አልፎ ማመስገናቸው ነው። እንዲህ ስትጦር ዘጠኝ ዓመት አለፈና አዲስ አበባ የተወቻት ልጇ አሥራ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሞላት። ሕጉን ለመረዳት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፦ ልጅቷ ወደ እናቷ እንድትመጣ ማመልከቻው መግባት ያለበት አሥራ ስምንት ሳትሞላ ነው፤ ማመልከቻው እንዲገባ ደግሞ እናትየው የጸና የቤት ኮንትራት ሊኖራት ይገባል። የእኛ ኮንትራት በግንቦት ያልቃል። የሚያድሱልን የቤቱ ባለቤት፣ ከእኛ በላይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ መበለት ናቸው፤ ሲኞራ እንላቸዋለን። በማግስቱ ሰኞ ለአራት ዓመት ሊፈርሙ ቃል ገብተው ነበር። የእህቴ ልጅም፣ ጥሩ ጥብስ ከበሉ በኋላ እስክሪብቶ ማንሣት ይቀልላቸዋል ብላ አስባ፣ ሲኞራን ለፋሲካ ምሳ ጠራቻቸው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። መጥፎ የነበረው የቀረው ሁሉ ነው።

ግሪሉ ወደ ቤታችን የገባው በገና ሰሞን ነው። በስጦታ ያመጣው የእህቴ ልጅ የቀድሞ ጎረቤት፣ ኀምሳ ዓመት ያለፈው፣ በራሱ አነጋገር «ሃያ ዓመት ሙሉ በሬስቶራንት ወጥ ቤት የኖረ» ሰው ነው። ከሃያው ዓመት አሥራ ዘጠኙን ሳህን በማጠብ እንዳሳለፈ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥብስ አዋቂው እለዋለሁ፤ ማዕረጉን ለራሱ የሰጠው እሱ ስለሆነ የምነጥቀው እኔ አይደለሁም።

ከግሪሉ ጋር በዘጠኝ ቋንቋ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ መጣ፤ አማርኛ ከዘጠኙ አንዱ አልነበረም። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ያጠናሁ ሰው በመሆኔ፣ ስብና እሳት በአንድ ዕቃ ውስጥ ሊገናኙ ሲሉ ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። ሦስት ሳምንት ተቀምጬ መመሪያውን ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ መለስሁት፤ በአንቀጽ ከፋፈልሁት፤ አንቀጾቹን በግእዝ ቁጥር ቆጠርሁ፤ አሥራ ስድስቱን ገጽ በንጹሕ ገልብጬ ከማቀዝቀዣው ጎን በክር ሰቀልሁት። አንቀጽ ፬፦ ግሪሉ ከሸራ፣ ከመጋረጃና ከማናቸውም ተቀጣጣይ ነገር ሥር አይቁም። አንቀጽ ፯፦ ከሥር ያለው የስብ ማጠራቀሚያ ሳህን ከእያንዳንዱ ጥብስ በኋላ ተስቦ ይውጣ፤ ይጽዳ። አንቀጽ ፲፩፦ ስብ ሲነድ ውኃ አይደፋበት፤ ጋዙ ይዘጋ፤ ክዳኑ ይከደን።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለጥብስ ነው?» አለ ጥብስ አዋቂው ገጾቹን በአውራ ጣቱ እያርገበገበ። «እኔ እኮ ሕገ መንግሥት መስሎኝ ደንግጬ ነበር።»

«ሕገ መንግሥት ቢሆን ኖሮ ባታነበውም ባልከፋኝ። ይህ ግን ካልተነበበ ቤት ያቃጥላል።»

«ኧረ ተዉኝ ጋሼ! እሳትና እኔ እኮ እንተዋወቃለን።»

መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው የእህቴ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም ቆማ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ እኔ እንዳላዝን ብላ።

አሁን ወደ ቅበላ እመለሳለሁ፤ እሳቱ የተለኮሰው በፋሲካ ቢሆንም የተደገሰው በቅበላ ነውና። በዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በዚሁ ግሪል በግ ጠበስን፤ በኀምሳ አምስት ቀን የማይበላውን በአንድ ቀን በልቶ ለመጨረስ የሚደረገውን የየዓመቱን ሙከራ አደረግን። እንደየዓመቱም አልተሳካም። አንድ ድስት የቀለጠ ጮማና ግማሽ ጣሳ ንጥር ቅቤ ተረፈን። የሚጾም ቤት ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው ሁሉ በፈላ ውኃና በሎሚ ይፈተጋል፤ የሥጋ ሽታ ያለበት ዕቃ ወደ ሹሮ አይሻገርም። በእኔ ቤት ደግሞ፣ ይቅርታ፣ እኔ በምኖርበት ቤት፣ የፍስክ ነገር ከነጭራሹ አይከርምም።

የእህቴ ልጅ ቅቤውን ጮማው ላይ ገልብጣ፣ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጥ ቤቱ መካከል ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄን የት ላድርገው? ላቫንዲኖው ውስጥ እንዳልደፋው ባለፈው ቱቦ ደፈናችሁ ብለው ሲኞራ ጮኸውብኛል።»

«ከቤት ይውጣ።»

«አሎራ፣ ታዲያ የት ይውጣ? የመንገዱ ገንዳ ፈሳሽ አይጣልበትም።»

«በረንዳው ከቤት ውጭ ነው» አልኋት። «ግሪሉም የስብ ማጠራቀሚያ ሳህን አለው። ስሙ ይናገራል፤ ስብ ይጠራቀምበት።»

«ሰባተኛው ላይ ግን ይጽዳ አይደል የሚለው?»

«ነገ ይጸዳል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጓንት አድርጋ ወደ በረንዳው ስትወጣ አየኋት። «ወዴት ነው?» አልኋት። ሳህኑን ልታጸዳ እንደሆነ ነገረችኝ። ቀኑ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን መሆኑን፣ በዚህ ቀን እጅን በሥጋ ስብ ነክሮ መዋል ለጾመኛ የማይገባ መሆኑን፣ ግሪሉም እስከ ፋሲካ የሚፈልገው እንደሌለ በዝርዝር አስረዳኋት። ትራም ሊያመልጣት ስለ ነበር አልተከራከረችኝም። ጓንቷን አወለቀች፤ ግሪሉን በላስቲክ ሸፍና በገመድ አሰረችው። ድስቱን ሁሉ ከስብ ያነጻን ሰዎች፣ ስቡን በጠቅላላ በአንድ የእሳት መሣሪያ ሆድ ውስጥ አስቀምጠን፣ ኅሊናችን ንጹሕ ሆኖ ጾሙን ተያያዝነው።

ወደ ፋሲካው ምሳ እንምጣ። ሲኞራ ከሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ከራሳቸው ፋሲካ የተረፈ በርግብ ቅርጽ የተጋገረ ዳቦ በሣጥን ይዘው ወረዱ። የእነሱ ፋሲካ ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የዳቦውም ጥንካሬ ይህንኑ ያረጋግጥ ነበር።

«ፕሮፌሶሬ» አሉኝ። ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም፤ ስሕተታቸውን ለማረም አመቺ ጊዜ ስጠብቅ ስድስት ዓመት አልፏል። «የእናንተ ፋሲካ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚዘገየው? በእኛ ከተማ አውቶቡስ ነው የሚመጣው?»

«አውቶቡስ ቢሆን ኖሮ ሲኞራ፣ ገና ዘንድሮ የአምናውን እናከብር ነበር።»

ሳቁ። የእህቴ ልጅ ከወጥ ቤት በር ብቅ ብላ ሳቃቸውን ሰማች፤ ፊቷ ላይ ፊርማው ሲጻፍ የታየኝ ያን ጊዜ ነው።

በረንዳው ላይ ጥብስ አዋቂው ላስቲኩን ገፍፎ ግሪሉን ወደ ጥላ እየገፋ ነበር። ጥላው የሲኞራ የጸሐይ ሸራ ነው፤ ከላይ ከእሳቸው በረንዳ ወደ እኛ ወርዶ የተንጠለጠለ፣ አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለው፣ ሟች ባለቤታቸው መርጠው የሰቀሉት።

«አንቀጽ አራት» አልሁት።

«ጋሼ፣ ጸሐዩ መላጣዬን ሊጠብሰው ነው። ማን ይቅደም፣ እኔ ወይስ በጉ?»

ሁለቱንም ማንደጃ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ለኮሰ። ጎድኑን ደረደረ። ከዚያም ንጥር ቅቤ በትንሽ ድስት አቅልጦ፣ «ያለ ቅቤ ምኑን ፋሲካ ሆነ» እያለ፣ በጭልፋ ያፈስበት ጀመር። ቅቤው በጎድኑ አልፎ ወደ ታች ሲንጠባጠብ እሰማ ነበር። ወደ ታች ምን እንደሚጠብቀው ግን አላሰብሁም። ሳህኑን ረስቼው ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር በሌላ መልክ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልሁም። ልታስታውስ የምትችለው የእህቴ ልጅ ከንጋት ጀምሮ ዶሮ ወጡ ላይ ነበረች፤ ግሪሉ ጋ ስትቀርብ ደግሞ ጥብስ አዋቂው «አንቺ ግቢ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው» ብሎ መልሷታል። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

እጅ ማስታጠቢያው ወጣ። የእህቴ ልጅ ፎጣ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የእጅ መታጠቢያ ሳህን ይዛ፣ ሲኞራ በረንዳው በር አጠገብ በተቀመጡበት ውኃ ታፈስላቸው ጀመር። ሲኞራ ይህን ልማድ ይወዱታል፤ በሰማንያ ዓመታቸው እንዲህ ያለ ክብር ከአራስነታቸው ወዲህ እንዳልገጠማቸው ይናገራሉ። የእኔንም እጅ ልታስታጥብ ዞር አለች። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

መጀመሪያ የመጣው ጭስ ጥቁር ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ነበልባል ቢጫ። ከጎድኑ አልነበረም፤ ከሥር፣ ከሳህኑ፣ በግሪሉ አራት ማዕዘን ዙሪያ ይወጣ ነበር። እኔም የተማረ ሰው የሚጠበቅበትን አደረግሁ፤ ተነሥቼ ቆምሁና «አንቀጽ አሥራ አንድ!» ብዬ ጮኽሁ። በሕይወቴ ብዙ ከንቱ ንግግር አድርጌአለሁ፤ ይህን የሚያህል ግን አላስታውስም።

ጥብስ አዋቂው ማንቆርቆሪያውን ከእህቴ ልጅ እጅ ነጥቆ ውኃውን በሙሉ እሳቱ ውስጥ ደፋው። ውኃ በነደደ ስብ ላይ ሲያርፍ ሰምጦ፣ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ፣ ስቡን ከነእሳቱ ወደ ላይ ይረጨዋል። ይህን በወጣትነቴ ለሁለት ዓመት ተማሪ ቤት ውስጥ አስተምሬዋለሁ። በተግባር ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው፤ የሰው ቁመት የሚያህል ነበልባል ዘለለ፤ የጥብስ አዋቂውን ቅንድብ ይዞት ሄደ፤ የሸራውን ዘርፍ ለኮሰ።

«ማዶና!» አሉ ሲኞራ።

የእህቴ ልጅ አልጮኸችም። የሲኞራን ወንበር ከነሲኞራ ወደ ሳሎን ጎተተችው። በጎን ዞራ የጋዙን ቦምቦላ ቁልፍ ዘጋች። መጥረጊያ አንሥታ በእጀታው ጫፍ ክዳኑን ገፋችውና ግሪሉ ላይ ተዘጋ። ነበልባሉ በክዳኑ ጠርዝ ትንሽ ከተላወሰ በኋላ ጠፋ። ሸራው ግን ይነድ ነበር።

«አሁን ውኃ!» አለች። «ውኃ አምጣ!»

«አይደፋም ተብሏል እኮ!» አለ ጥብስ አዋቂው፣ ባልተጠበቀ ጊዜ ሕግ አክባሪ ሆኖ።

«ይሄ ጨርቅ ነው አንተ ሰውዬ!»

ባዶ ማንቆርቆሪያ ታቅፎ ቆሞ ቀረ። እሷ የሲኞራ እጅ የታጠበበትን ሳህን አንሥታ እጣቢውን ሸራው ላይ ረጨችው፤ የተረፈውን በመጥረጊያ አውርዳ ሰድሉ ላይ ረገጠችው። ሁሉም ነገር ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። ማንም ክፉኛ አልተጎዳም። ከሸራው አንድ ክንድ ያህል ጠፍቷል፤ የቀረው ጥላሸት ለብሷል። ምሳ ቀረበ፤ የበላ የለም።

ግሪሉ ሲበርድ ሲኞራ ወደ በረንዳው ወጡ። ዘንጋቸውን ወደ ግሪሉ ሥር ጠቁመው ሳህኑ እንዲወጣ አዘዙ። የእህቴ ልጅ ሳበችው። ከነደደው ይልቅ ያልነደደው ይበዛ ነበር።

«እኔ ሮማዊት ነኝ፤ በግ ስጠብስ ኖሬአለሁ» አሉ። «ይህ የዛሬ ስብ አይደለም። ይህን ሁሉ ስብ እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ሲኞራ» አለች የእህቴ ልጅ። «እኔ ነኝ የደፋሁት።»

ውሸት አልነበረም፤ ድስቱን የያዙት እጆች የእሷ ናቸው። ሲኞራ እጆቿን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው።

«እኔ ከዚህ ቤት በላይ ነው የምተኛው» አሉ። «ነገ ለአራት ዓመት ልፈርም የነበረው ላንቺ ነው?»

የእህቴ ልጅ ሳህኑን ሰድሉ ላይ አኖረችው። የዝምታዬን ርዝመት አልለካሁትም፤ በዚያን ቀን ያልለካሁት እሱን ብቻ ነው። ያሰብሁትን ግን አስታውሳለሁ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ፊርማው ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ደግሞ፣ ሲኞራ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚውል አደገኛ ሽማግሌ ከሥራቸው እንዳለ ያውቃሉ፤ ፊርማው አሁንም ሊቀር ይችላል፤ ምናልባትም ከእሱ በፊት እኔ ከቤቱ እወጣለሁ። ይህን ሒሳብ ስሠራ የእህቴ ልጅ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እንድናገር አልለመነችኝም። እናገራለሁ ብላ የጠበቀችም አልመሰለኝም፤ የተናገርሁትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«እንዲደፋ ያዘዝሁት እኔ ነኝ ሲኞራ። በማግስቱ ልታጸዳው ስትል የከለከልኋትም እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ጾም ስለ ገባ።»

ሲኞራ ሳህኑን አዩ፤ ሸራውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ፕሮፌሶሬ፣ የእናንተ ጾም ስብ አስቀምጡ ነው የሚለው?»

ጎንበስ ብዬ ሳህኑን ከሸራው ሥር ሳብሁት።

«ውኃውን ግን እኔ ነኝ» አለ ጥብስ አዋቂው ከጥግ። የጠየቀው የለም፤ ቅንድቡ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

ሲኞራ ሁሉንም በጽሑፍ፣ በፊርማዬ፣ እስከ ነገ ጠዋት እንዲደርሳቸው ጠይቀው፣ የርግብ ዳቧቸውን ሣጥን ይዘው ወደ ላይ ወጡ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ። ጣሊያንኛዬ እንከን የለውም። የቅበላውን ቀን፣ ድስቱን፣ ጓንቱን፣ የተናገርሁትንና የተመለሰልኝን በቅደም ተከተል አስቀመጥሁ፤ እሳቱን ያጠፋችው ማን እንደሆነች ለብቻው አንድ አንቀጽ ሰጠሁት። የእህቴ ልጅ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር፤ «አሥራ ስድስት ገጽ ጽፈው ሰቀሉ። ከዚያ ውስጥ አንዲቷን መስመር ልፈጽም ስል ከለከሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጄ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ» አልሁ። ከጽሑፉም ሥር ፈረምሁ።

ሰኞ ጠዋት ሲኞራ ጽሑፌን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አጻጻፍዎ ከጥንቃቄዎ እጅግ ይበልጣል» አሉኝ። ከዚያ ወደ እህቴ ልጅ ዞረው ግሪሉ ዛሬውኑ ከሕንፃው እንዲወጣ፣ ሸራውም እንዲተካ ነገሯት። ኮንትራቱን ወደ ራሳቸው ስበው፣ አራት ዓመት የሚለውን ሰርዘው፣ አንድ ብለው ጻፉና ፈረሙ።

«ሲኞራ፣ በአንድ ዓመት ማመልከቻውን ላይቀበሉኝ ይችላሉ» አለች የእህቴ ልጅ።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን። የሚመጣውን ፋሲካ ሳትቃጠሉ ከዋላችሁ የቀረውን እጽፋለሁ።»

ጥብስ አዋቂው ግሪሉን በገመድ አውርዶ ወሰደው። በሌላ ሰው በረንዳ ላይ እንደሚጠብስበት ሰምቻለሁ። መመሪያውን ልሰጠው ተከትዬው እስከ ደረጃው ወርጄ ነበር፤ «ቦታ አይኖረኝም ጋሼ» አለኝ።

ማመልከቻው በሰኔ፣ ከአንድ ዓመቱ ኮንትራት ጋር ገባ። በኢሚግሬሽን ቢሮው መስኮት ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ይበቃል ወይም አይበቃም አላለችም። ልጅቷ በኅዳር ወር አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ማመልከቻ አይገባም። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ከቢሮው መልስ አልመጣም።